«ዛሬ ማን ነው?»

*በገዳሪፍና በድንበሩ ዳርቻ ቀን ስለሚያጠፋ ሐዘንና ቀን ስለሚቆጥር እምነት*

ፀሐይ ገና አልከረረችም፤ የውኃ ወረፋው ግን ከተያዘ ቆይቷል። የተሰለፈው ሰው ሳይሆን ጄሪካን ነው። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ክዳኑ የጠፋው፣ እጀታው በገመድ የተጠገነው ተከታትለው ቆመዋል። ባለቤቶቹ ሸራ የተወጠረበት ጥላ ሥር ተጠግተው ቦቴው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አንዲት እናት ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ጎረቤቷ ዘወር ትልና «ዛሬ ማን ነው?» ትላለች።

ይህን ጥያቄ ቃል በቃል የተረጎሙለት የውጭ አገር የዕርዳታ ሠራተኛ ግራ ይገባዋል። ቀን «ስንት ነው» እንጂ «ማን ነው» ተብሎ ይጠየቃል? ለእኛ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ወር በገባ በ12 ሚካኤል ነው፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ቀኑ ስም አለው፤ ባለ ስሙም ወዳጅ ነው።

ቦታው ኡም ራኩባ ነው፤ በሱዳን ገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ። እዚህ ቀንና ቀን አይለይም። ለገበሬው ሰኔ የዘር፣ ኅዳር የአጨዳ ወር ነበር። ለነጋዴው ቅዳሜ ገበያ ነበር። ለተማሪው ዓርብ ከሰዓት የነጻነት መጀመሪያ ነበር። መጠለያ ሲገባ ይህ ሁሉ ተጨፍልቆ «የራሽን ቀን» እና «ራሽን የሌለበት ቀን» ይሆናል። በመጠለያ ሰው ላይ ስለሚወድቀው ድባቴ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከዚህ መጀመር ያለበት ይመስለናል፦ ከጠፋው ቀን።

የዳስ እናት

ራኩባ በሱዳን ዓረብኛ ከሣርና ከእንጨት የሚሠራ ጥላ ነው። የእኛ ዳስ ማለት ነው። ኡም ራኩባን «የዳስ እናት» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። በእኛ አገር ዳስ የሚጣለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ። ይህችኛዋ ዳስ ግን ለየትኛው እንደተጣለች ሳይታወቅ ሁለት ትውልድ አሳልፋለች።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሕዝቡን ወደ ምዕራብ ሲገፋው ኡም ራኩባ የኢትዮጵያውያን መጠለያ ነበረች። በዚያው ዓመት ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የወረዱት ቤተ እስራኤላውያን እዚህችው ቦታና በገዳሪፍ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ተዋዋ ማንነታቸውን ደብቀው ጠብቀዋል። «ዘመቻ ሙሴ» የተባለው ምስጢራዊ የአየር ጉዞ ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ለሳምንታት ቆይቶ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉትን ወሰደ። በመንገዱና በመጠለያዎቹ የሞቱት 4 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ መታሰቢያቸውም ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቆሟል። ኋላ መጠለያው ተዘጋ፤ ዳሱም ፈረሰ።

በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተጣለ። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 25 ቀን ሲፈነዳ ከሑመራ፣ ከማይካድራና ከአካባቢው የተነሣው ሕዝብ ተከዜን እየተሻገረ ሐምዳይት ገባ፤ ሌላውም በሉግዲ በኩል ወጣ። ቁጥሩ በጥቂት ወራት ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። ኡም ራኩባ አልበቃ ሲል ቱናይድባህ ተከፈተች። ከዚያ በኋላም ከጭልጋና ከአካባቢው የሸሹ ቅማንቶች በ2013 መጨረሻ በመተማ በኩል ወደዚያው ግዛት ተሻገሩ። የሁሉም ታሪክ የየራሱ ነው፤ ስለ ጥፋተኛው የሚነገረውም እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ጥቁሩ መረሬ መሬት ግን ልዩነት አያውቅም። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያጣብቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ወንዙን መሻገር የጀመሩት ከኅዳር መባቻ አንሥቶ ነው። ያ ወቅት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ እመቤታችን ልጇን አዝላ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብጽ መሰደዷ የሚታሰብበት 40 ቀን። የሚዘጋው ኅዳር 6፣ በቁስቋም ነው። ሌሊቱን ሙሉ የስደቷ ሰቆቃ በዜማ የሚቆምበት ወቅት ነው። በዚያ ዓመት የጽጌን ማኅሌት ቆመው ሳይጨርሱ የወጡ ካህናት፣ ልጅ አዝለው ወንዝ የገቡ እናቶች ነበሩ። ያስታወሱት ሰዎች ኋላ ላይ እንደነገሩን ግጥምጥሞሹ አላጽናናቸውም ነበር፤ ግን ብቻቸውን እንዳልሆኑ ነግሯቸዋል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ወደ ልዩነታቸውም በኋላ እንመለሳለን።

> በእኛ አገር ዳስ የሚጣለው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። ይህችኛዋ ግን ለየትኛው እንደተጣለች ሳይታወቅ ሁለት ትውልድ አሳልፋለች።

ምክንያቱ የሚታወቅ ሕመም

ድባቴ ሁሉ አንድ አይደለም። ያለ ግልጽ ምክንያት የሚመጣ፣ በዘር ሐረግ የሚወረስ፣ ደጋግሞ የሚመላለስ አለ። ሌላው ግን የሚያውቁት በር አንኳክቶ ይገባል፤ ቤት ተቃጠለ፣ ልጅ ሞተ፣ ሥራ ጠፋ፣ ትዳር ፈረሰ፣ አገር ተለቀቀ። ሐኪሞች ይህንን ከሁኔታ የመጣ ድባቴ ይሉታል። በመጻሕፍታቸው እንደተቀመጠው ብዙውን ጊዜ ችግሩ በደረሰ በ3 ወር ውስጥ ይጀምራል፤ ምክንያቱ ከተወገደ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ይለቃል።

እንቅልፍ ይሸሻል ወይም ያለ ልክ ይመጣል። ምግብ አፈር አፈር ይላል። ይወደድ የነበረው ጨዋታ ይሰለቻል። ሰው እንደ ሸክም ይከብዳል። እንባ ያለ ጥሪ ይመጣል፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ሲጠሩትም አይመጣም።

የሐኪሞቹ ትርጓሜ አንድ ቃል ላይ ቆም ያሰኛል፤ «ምክንያቱ ከተወገደ» የሚለው ላይ። በመጠለያ ምክንያቱ አይወገድም። ቤቱ እንደተቃጠለ ነው፤ ወንድም እንደጠፋ ነው። ሸራው በ2013 ክረምት መግቢያ እንደሆነው በንፋስና በዝናብ ይገነጠልና እንደገና ይወጠራል። «ይለቃል» የተባለው ነገር አምስተኛ ዓመቱን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በጦርነትና በግጭት ውስጥ ካለፉ ሰዎች ከ5ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንዳለበት ያስቀመጠውም በከንቱ አይደለም። ቀሪዎቹ አራቱም ቢሆኑ አያዝኑም ማለት አይደለም። ማዘናቸው ጤነኛ መሆናቸውን ያሳያል፤ አገሩን አጥቶ የማይከፋው ሰው ቢኖር እሱ ነው የሚያስፈራው።

«እግዚአብሔር ይመስገን»

በመጠለያ ክሊኒክ የሠሩ ነርሶች አንድ የጋራ ችግር ያነሣሉ። ታካሚዋ ገብታ ትቀመጣለች። «እንዴት ነሽ?» ትባላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ጥያቄው እዚያ ያልቃል።

ይህ መልስ ውሸት አይደለም። እኛ ዘንድ እንዴት ነህ ለሚል ሰው ሕመምን መዘርገፍ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ምስጋናው ይቀድማል፣ ጭንቀቱ ከሁለተኛው ቡና በኋላ ይመጣል። ችግሩ ክሊኒክ ውስጥ ሁለተኛ ቡና አለመኖሩ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ስለዚህ በሌላ በር ይገባል። «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ይላል። «ሐሳብ አይበዛብሽም ወይ?» ይላል። ያኔ ነው «ኧረ ሐሳብማ…» የሚባለው።

ሰውነትም የራሱ አማርኛ አለው። ራሴን ይከፍለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ ሆዴ ይባባል፣ ጀርባዬ ላይ ውኃ የፈሰሰብኝ ይመስለኛል። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት የተመለሰ፣ እንደገና የመጣ፣ በሦስተኛው ላይ «ስንት ሰው ሞተብህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ሲያገኝ ያለቀሰ ብዙ ነው።

ከክሊኒኩ ውጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝምታ አለ። የከፋው ሰው ለወዳጁ ገልጦ ሲናገር «አንተ ሰው፣ ጸልይ እንጂ!»፣ «ምነው እምነትህ አነሰ?»፣ «ከዚህ የባሰ አለ፣ ተመስገን በል» ይባላል። ተናጋሪው ክፋት የለበትም። ሰሚው ላይ ግን በሐዘኑ ላይ ኃጢአት ይጨመርበታል፤ ቀድሞ አዝኖ ነበር፣ አሁን ስላዘነም ያፍራል። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው የሚለው ትምህርት እዚህ ላይ ያለ ቦታው ይጠራል። የሃይማኖት መምህራን እንደሚያስረዱት ተስፋ መቁረጥ የፈቃድ ነገር ነው፤ ምሕረት ለእኔ የለም ብሎ በር መዝጋት። ድባቴ ግን በሩን ለመክፈት እጁን ማንሣት ያቃተው ሰው ነው። ሁለቱን ያለ ልዩነት የሚገሥጽ ሰው እግሩ የተሰበረበትን «ምነው አትሰግድም» ከማለት አይለይም።

> ቀድሞ አዝኖ ነበር፤ አሁን ስላዘነም ያፍራል።

ከክትክታው ሥር

እምነት ስሜቱን ያፍናል የሚሉ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱሱን የከፈቱት አይመስልም። ነቢዩ ኤልያስ የበኣልን ነቢያት ባሸነፈ ማግስት፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት፣ አገሩን ለቆ በረሃ ይገባል። ከክትክታ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ሞትን ይለምናል። ነቢይ ነው፤ ገና ትናንት እሳት ከሰማይ ያወረደ ነው። ያም ሆኖ «በቃኝ» አለ።

ዋናው ነገር ቀጥሎ የሆነው ነው። መልአኩ መጣ፤ ግን አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ሄደ» አላለውም። በፍም ላይ የተጋገረ እንጎቻና የውኃ ማሰሮ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና መጣ፣ እንደገና አበላው፤ ምክንያቱንም መንገዱ እንደሚበዛበት ነገረው። ስብከቱ የመጣው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ፣ በኮሬብ ዋሻ ደጅ ነው። እንቅልፍና እንጀራ ከትምህርት ቀደሙ።

ኢዮብም አለ። ሦስቱ ወዳጆቹ ሊያጽናኑት መጡና 7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ሳምንት የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ነበር። ያበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው።

በገዳማውያን ትውፊትም በረሃ ውስጥ ስለሚመጣ ስልቹነትና ጭንቀት ብዙ ተብሏል። ጥር 22 የሚታሰበው አባ እንጦንስ ራሱ ሐሳብ በዝቶበት «እንዴት ልዳን» ብሎ ሲጨነቅ አንድ እርሱን የሚመስል ሰው አየ ይባላል። ሰውዬው ተቀምጦ ገመድ ይሠራል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶ ይቀመጥና ይታታል፤ እንደገና ይነሣል። ይህን አድርግ፣ ትድናለህም ተባለ። ረጅም ምክር የለበትም። ሥራ፣ ጸሎት፣ ሥራ፣ ጸሎት፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ሐሳብ ቦታውን ይለቃል።

ከ16 ክፍለ ዘመናት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ስደተኞችንና ችግር የደረሰባቸውን ለመርዳት አንድ አጭር መርሐ ግብር አዘጋጀ። የሚሰጠው በ5 ጊዜ ግንኙነት ነው፤ ሐኪም ያልሆነ፣ የሠለጠነ የአካባቢው ሰው ይመራዋል። ውጥረትን በአተነፋፈስ ማርገብ፣ የሚፈታውን ችግር ከማይፈታው መለየት፣ ወዳጅ ዘመድን መልሶ ማግኘት ያስተምራል። ሌላው ደግሞ «ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ትንሿን ሥራ ጀምር፣ ነገም ድገማት» የሚል ነው። አባ እንጦንስ ገመድ እየታታ ቢያዳምጥ አዲስ ነገር ሰማሁ አይልም ነበር።

ለቅሶ ያልተደረሰለት ሞት

አገር ቤት ሰው ሲሞት ቀን ይቆጠራል። ሰልስት፣ 12፣ 40፣ 80፣ ሙት ዓመት። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ከሩቅ የመጣው ለቅሶ ይደርሳል። ሐዘንተኛው ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት የለም፤ ሥርዓቱም ሐዘን መቼ እንደሚጠና፣ መቼ እንደሚረግብ ያውቃል። 40 ሲወጣ አንድ ነገር ይቀላል፤ ዓመቱ ሲዞር ጥቁሩ ይወልቃል።

ስደት ይህንን ቆጠራ ሰበረው። መርዶ እንኳ አልደረሰም። በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ተከዜን የተሻገረው ሰው ወላጁ ይኑር ይሙት ሳያውቅ ዓመት ዓመትን ተካው። ያልታወቀ ሞት ሰልስት የለውም። ከየት ተቆጥሮ 40 ይወጣል? ከጠፋ ሰው ጋር መኖር ከሞተ ሰው ጋር ከመኖር የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ማልቀስ ክህደት ይመስላል፣ አለማልቀስም እንደዚያው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በ2016 ጥቅምት ትግራይ ውስጥ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለብዙ ቤተ ሰብ መርዶ ሲነገር ያ የታገደ ሐዘን በአንድ ጊዜ ተፈታ። ድንበር ማዶ ያለው ሰው ደግሞ መርዶውን በስልክ፣ ከሸራ ሥር፣ ድንኳን የሚተክልለት እድር በሌለበት ሰማ።

በዚህ ቦታ የመጠለያ ካህናት የሠሩት ሥራ በሪፖርት አይገኝም። ሣርና ቆርቆሮ ያገናኙበት መቅደስ አጠገብ፣ አስከሬን ለሌለው ሰው ጸሎተ ፍትሐት አድርገዋል። «ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ቀን እንስጠው» ብለው ለሟች የተዝካር ቀን ቆርጠዋል። ይህን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ነገሩን የሚገልጹት በሃይማኖት ቋንቋ ብቻ አይደለም። «ልቅሶው ቦታ አገኘ» ይላሉ።

አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ዛሬ ማን ነው?» የምትለው እናት ጽዋ አላት። አገር ቤት በሚካኤል ስም ማኅበር ትጠጣ ነበር። እዚህም ከሰባት ሴቶች ጋር ጀመሩት። ጠላ የለም፤ ከራሽኑ ማሽላ የተጋገረ ቂጣና ትንሽ ቡና ነው። ጽዋው ግን በ12 ይዞራል፤ በሚቀጥለው ወር በ12 የማን ተራ እንደሆነ ይታወቃል። ተራ ማለት ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ያስነሣል። «ሰው ሊመጣብኝ ነው» ብላ ቤቷን ያልጠረገች ሴት የለችም።

ጴንጤው ደግሞ የረቡዕ የጸሎት ቡድን አለው፤ በየተራ የሚመሩት፣ የቀረውን ሰው ቤቱ ሄደው የሚፈልጉበት። ሙስሊም ጎረቤት አምስቱ ሶላት ቀኑን ይቆርጡለታል። በመልክ ይለያያሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ወጥ የሆነውን ጊዜ ይከፋፍላሉ። አንዱ ቀን ከሌላው ይለያል፣ አንዱ ሰው ሌላውን ይጠብቃል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ሕዝቡ ድባቴን «ብዙ ማሰብ» በሚል ቃል ይጠራዋል፤ ከእኛ «ሐሳብ በዛብኝ» ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሕክምናውን ለአያቶች ሰጠ። በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ተተከለ፤ የሠለጠኑ አሮጊቶች እዚያ ተቀምጠው የከፋውን ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሩን አብረው ይፈታሉ። በጥናት ሲፈተሽ ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። አግዳሚውን ያላየች የሀገራችን አያት ግን ትስቃለች፤ እሷ ይህን የምትሠራው ረከቦቷ ሥር ተቀምጣ ነው።

ያም ሆኖ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጽዋና ማኅበር የሚሠሩት ሰው ሲኖርባቸው ነው። በመጠለያ የሚታየው ትልቁ ክፍተት የንስሐ አባት ነው። ቤተ ሰቡን፣ ጸባዩን፣ የቆየ ጉዳቱን የሚያውቅ አባት አገር ቤት ቀርቷል ወይም ወዴት እንደሄደ አልታወቀም። አዲስ የመጣው ካህን የሁሉም ነው፤ ደክሞታል፤ እሱም ስደተኛ ነው፤ የራሱን መርዶ የሚጠብቅ ነው። አጽናኙን ማን ያጽናናዋል የሚለው ጥያቄ በመጠለያ ውስጥ ቀልድ አይደለም።

> ተራ ማለት ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ያስነሣል።

ጠበሉና ክኒኑ

ድንበር የለሽ ሐኪሞች በነዚህ መጠለያዎች ክሊኒክ ሲከፍቱ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ጨምረው ነበር። ወረፋው ግን መጀመሪያ ቀጭን ነበር። «የእብድ ሐኪም» የሚለው ስም ያስፈራል። ከዚያም በላይ ብዙ ሰው ክኒን መዋጥ ጠበልን መካድ ይመስለዋል።

ይህ ክርክር አገራችን ውስጥ አንድ ጊዜ በሌላ በሽታ ላይ ተካሂዷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጠበል የገቡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ጥለው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ስንት ነፍስ እንዳተረፈ የቆጠረ የለም። በድባቴም ላይ ከዚህ የተለየ መልስ አይኖርም፤ መልአኩ ለኤልያስ ያቀረበው እንጎቻ ከመንፈሳዊነት አላጎደለውም።

ከሁኔታ የመጣ ድባቴ አብዛኛው ክኒን አይፈልግም፤ ሰው፣ እንቅልፍ፣ ሥራና ጊዜ ይበቁታል። ነገር ግን አንዳንድ ምልክት ሲታይ ከማኅበሩ አልፎ ባለሙያ ጋ መሄድ ግድ ይሆናል። ሐዘኑ ቀንና ሌሊት ሳይለቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፤ ሰውዬው መብላት፣ መታጠብ፣ ልጆቹን ማየት ሲያቅተው፤ መጠጥ መደበቂያ ሲሆንበት፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ሞት ማውራት ሲጀምር። «ብሞት ይሻለኛል» ያለን ሰው «እንዲህ አይባልም» ብሎ አፉን መዝጋት አያድነውም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ያቀልለታል። ከዚያ ብቻውን አለመተው፣ የሚጎዳበትን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ ወደ ጤና ተቋም አብሮ መሄድ ነው። አብሮ መሄዱ ላይ ካህኑም ነርሱም እኩል ናቸው።

ቄጠማው ሳይደርቅ

ሐዘንን በቀን ማሰር ከቤተ ክርስቲያን የተማርነው ነው። በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ የለም፤ መሳሳም የለም፤ መስቀልም አይሳለሙም። «እንዴት ነህ?» — «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ልውውጥ በዓመት አንድ ሳምንት ሆን ተብሎ ዝም ይላል። ምእመኑ ይሰግዳል፣ ያዝናል፤ ማንም ለምን ከፋህ አይለውም። ሳምንቱ የሚፈታው በቀዳም ሥዑር ነው። ካህኑ ለምለም ቄጠማ ያድላል፣ ሰውም በራሱ ላይ ያስራል። ርግቧ ለኖኅ ቅጠል ይዛ እንደመጣች፣ መርገሙ ደረቀ፣ ሰላም ሆነ ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር የዋለው ሚያዝያ 7 ቀን ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ።

በካርቱም የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ የሻይ ሻጮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ የዓመታት ስደተኞች፣ ቄጠማው ራሳቸው ላይ ሳይደርቅ ሁለተኛ ተሰደዱ። ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍና ከሰላ መጡ። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ዋድ መደኒ ስትያዝ ገዳሪፍ በሱዳናውያን ተፈናቃዮች ተሞላች፤ ትናንት ስደተኛ የተቀበለች ከተማ የራሷን ሰው በትምህርት ቤት ክፍሎች አስተኛች። ወረፋው ድንበሩንም ተሻገረ። በመተማ ዮሐንስ በኩል ሱዳናውያን ወደ እኛ ገቡ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎችም እነሱ በተራቸው ከዘረፋና ከጥቃት ሥጋት ጋር ከረሙ። መንገዱ አንድ ነው፤ ተጓዡ ብቻ ይለዋወጣል።

ሁለት ጊዜ የተሰደደን ሰው ምን ትለዋለህ? የቁስቋሙንም የቀዳም ሥዑሩንም ግጥምጥሞሽ ምልክት አድርገው የተረጎሙ አሉ። ሌሎች ትርጉም ፍለጋውን ትተውታል። አንድ የዕድሜ ባለጠጋ ዲያቆን ስለዚህ ሲያወሩ ልዩነቱን ያስቀመጡት ቀለል አድርገው ነው፤ እመቤታችን መሰደዷ የእኔን ስደት አላሳጠረውም፤ ግን በእሷ ስም የሚቆም ማኅሌት ስላለ ስደቴን የሚያውቅ ቀን አለ ይላሉ። ቀድሞ ያነሣነው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ማጽናናት ሐዘኑን ለመውሰድ ይሞክራል፤ አለመለየት ግን ሐዘኑን እንዳለ ትቶ አጠገቡ ይቀመጣል።

ጄሪካኖቹ ባሉበት ሸራ ሥር አንዲት ወጣት ሴት ለሳምንታት አልታየችም። በሯ አይከፈትም። ያቺ የጽዋዋ እናት ሁለት ጊዜ ሄዳ «እንዴት ነሽ?» ብላታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከውስጥ የተመለሰው ያው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በሦስተኛው ሌላ ነገር ጠየቀች። ከሸራው ውጭ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ማን ነው? ጠፋብኝኮ!» አለች።

ለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን» መልስ አይሆንም። ውስጥ ያለችው መቁጠር ነበረባት። ትንሽ ቆይታ፣ በተዘጋ ድምፅ፣ «ኪዳነ ምሕረት መሰለኝ…» አለች።

«እንዲያ ከሆነ አራት ቀን አለፈኝ» አለች እናቲቱ። «ነይ ውጪ፤ የኔ ተራ ነበር።»